ክትባት ጅማ ላይ የት ይሻላል? ከአራስ እስከ አዛውንት

ጥያቄ፦ ሰላም የጅማ ሰዎች። ከአጋሮ ወደዚህ ከተዛወርን ገና ነው። ስድስት ሳምንት የሚሞላው ሕፃንና የ10 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ስኳር ያለባቸው እናቴም አብረውን ይኖራሉ። ለክትባት ጤና ጣቢያ ይሻላል፣ ሆስፒታል ወይስ የግል ክሊኒክ?

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ለሕፃኑ ሳላመነታ የምጠቁምሽ ለቤትሽ የሚቀርበውን የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው። ጅማ ጤና ጣቢያ፣ ከፍተኛ ሁለት፣ መንደራ ቆጪና ቦቾ ቦሬ አሉ፤ በእግርሽ የምትደርሺበት ለአንቺ ጥሩው እሱ ነው። ትልቅ ሆስፒታል የተሻለ መድኃኒት አለው ብሎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድረስ የሚሄድ ብዙ ነው። እዚያ ለወለደች እናት የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) መከላከያውን ቢሲጂና የመጀመሪያውን የፖሊዮ ጠብታ ሳትወጣ ማስከተብ ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የትም ብትሄጂ ያው የመንግሥት ክትባት ነው፣ በነፃም ነው። ከወሊድ በኋላ አምስት ጊዜ ስለምትመላለሺ ቅርበቱ ያዋጣሻል። በባጃጅ ከተማ አቋርጦ የሚሄድ ሰው ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ይሰለቻል።

የአሁኑ ቀጠሮሽ የስድስተኛው ሳምንት ነው፦ ፔንታ፣ ለሳንባ ምች የሚሆነው ፒሲቪ፣ ለተቅማጥ የሚሆነው ሮታና የፖሊዮ ጠብታ። ፔንታ በአንድ መርፌ ከዘጊ አናዳ፣ ከትክትክ፣ ከመንጋጋ ቆልፍ፣ ከጉበት በሽታ ቢና ሂብ ከሚባለው የማጅራት ገትርና የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ ይከላከላል። በ10ኛው ሳምንት እነዚያው ይደገማሉ። በ14ኛው ሮታ ይቀርና የፖሊዮ መርፌ ይጨመራል። የኩፍኝ የመጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው። የ15 ወሩን አደራ! ልጁ ቆሞ መሄድ ሲጀምር እናቶች ክትባት ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ኩፍኝ ደግሞ ባልተከተበ ልጅ ላይ በጣም ይከፋል። ቀጠሮ ቢያልፍሽም እንደገና ከአንድ አይጀመርም፣ ካቆምሽበት ይቀጥላል። ተቆጡኝ አልተቆጡኝ ብለሽ እንዳትቀሪ።

ሰው ሁሉ ሳያውቀው የሚመላለስበት ነገር የቢሲጂና የኩፍኝ ቀን ነው። ሁለቱም ዱቄት ሆነው መጥተው የሚበጠበጡ፣ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ የሚሆን ነው። ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ስለዚህ ልጆች ሰብሰብ እንዲሉ በተወሰነ ቀን የሚሰጡበት ቦታ አለ። ቀኑን ካርድ ክፍል አስቀድመሽ ጠይቂ። ሌላም ልንገርሽ፦ ብልቃጡ ላይ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ደግሞ አራት ማዕዘን አለ። አራት ማዕዘኑ ከክቡ ቀለም ነጣ ካለ ክትባቱ ሙቀት አላበላሸውም፤ እኩል ወይም ከዚያ በላይ ከጠቆረ አይሰጥም። አሳዩኝ ማለት ነውር የለውም፣ ጥሩ ነርስ ደስ ብሏት ታሳይሻለች።

ልጁ ቀላል ጉንፋን ቢይዘውም ውሰጂው። ቢሲጂ የተወጋበት ቦታ ከሳምንታት በኋላ አብጦ ቢቆስል ቅባትም ቅጠልም አታድርጊበት፣ በራሱ ይደርቃል።

ለትልቋ ልጅሽ የማኅፀን በር ጫፍ ካንሰር ክትባት አለ። አገራችን ውስጥ በ2011 ዓ.ም. ነው የተጀመረው፣ በአብዛኛው በትምህርት ቤት በኩል ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዒላማ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ሴት ልጆች ናቸው፤ እሷም በዚያ ውስጥ ናት። አዲስ ትምህርት ቤት ስታስመዘግቢ መቼ እንደሚሰጥ ጠይቂ። ይህን ክትባት መካንነት ያመጣል እያሉ የሚያስወሩትን አትስሚ፣ ከካንሰር ነው የሚያድናት። ካርዷንም እይ፦ የ15 ወሩ ኩፍኝ የተጀመረው በዚያው በ2011 ስለሆነ አንዴ ብቻ የተከተበች ልትሆን ትችላለች። በዘመቻም ካልወሰደች ለጤና ጣቢያው ንገሪ።

አንቺም ራስሽን አትርሺ። የመንጋጋ ቆልፉ ቲዲ እርጉዝ ስትሆኚ ብቻ የሚታሰብ አይደለም። አምስት ጊዜ ነው፦ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከ6 ወር በኋላ፣ የቀሩት ሁለቱ በየዓመቱ። ይህም ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

የእናትሽ ጉዳይ ይለያል፣ እኔንም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ሕፃንን ካርድ ይጠራዋል፣ አዛውንትን ግን የሚጠራ የለም። ስኳር ላለበት ሰው ጉንፋን መሰሉ ኢንፍሉዌንዛና የሳንባ ምች ከባድ ናቸው። በየዓመቱ የኢንፍሉዌንዛ፣ በተጨማሪም ለሳንባ ምች የሚሆነው የኒሞኮካል ክትባት ብዙ አገር ለአዛውንት ይመከራል። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ደግሞ ለአልማዝ ባለጭራ በሁለት ዙር የሚሰጥ አለ። እነዚህ በመንግሥት መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የሉም። ስለዚህ መጀመሪያ የስኳር ክትትል የሚያደርጉላቸውን ሐኪም አማክሪ፤ የትኛው እንደሚያስፈልጋቸውና የት እንደሚገኝ እሱ ይንገርሽ። የግል ክሊኒክ ቦታው እዚህ ላይ ነው።

ግን ከመክፈልሽ በፊት ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቂ። መልሱ ከተድበሰበሰ ጥለሽ ውጪ። ከፋርማሲ ገዝታችሁ አምጡ ከተባልሽም አልወደውም፤ በቀትር ፀሐይ ከመርካቶ በፌስታል የመጣ ክትባት ውኃ መውጋት ነው። በተቀመጠበት ቦታ የሚወጋ ምረጪ። ስሙንና የምርት ቁጥሩንም በወረቀት ይጻፉልሽ።

ሌላ ጠያቂ፦ አባቴ ሐጅ ሊሄዱ ነው። የትኛው ነው የሚጠየቀው?

መልስ፦ አላህ ይቀበላቸው ወንድሜ። የማጅራት ገትሩ አራት ዓይነቱን የሚይዘው፣ ኤሲዋይደብልዩ የሚባለው ነው። ሳዑዲ ከመድረሳቸው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መሰጠት አለበት። ኮንጁጌት የሚባለው ዓይነት ከሆነ ወረቀቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል፣ ስለዚህ ዓይነቱ መጻፉን አይተህ ተቀበል። የቢጫ ወባም ካርድ ያስፈልጋቸዋል። ያኛው አንዴ ከተወጉት የዕድሜ ልክ ነው፣ ፀንቶ የሚቆጠረው ግን ከ10 ቀን በኋላ ነው። የቆየ ቢጫ ካርድ ቤት ውስጥ ካለ ሳትፈልግ እንደገና አታስወጋቸው። ዕድሜያቸው ከ60 ካለፈና ይህን ክትባት ወስደው የማያውቁ ከሆነ ግን ሐኪም ሳያያቸው አይወጉ፤ በዚያ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከወጣቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።