ጆሽን ማሰናበት ግፍ ነበር ወይስ ትክክል?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር ስለ አሜሪካዊው የሮክ ባንድ ሬድ ሆት ቺሊ ፔፐርስ ነው። ባንዱ በዲሴምበር 2019 ጊታሪስቱን ጆሽ ክሊንግሆፈርን አሰናብቶ ጆን ፍሩሺያንቴን መለሰ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። ጆሽ አሥር ዓመት ለፍቷል። ጆን ደግሞ ሁለቴ ጥሏቸው የሄደ ሰው ነው። እኔ ግፍ ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?

ባለ ስድስት ክር፦ የምን ግፍ? “አንደር ዘ ብሪጅ” የምትለዋ ዘፈናቸው ስትጀምር አዳምጣት እስቲ። ድራም የለ፣ ቤዝ የለ፣ ጊታር ብቻ። ያንን ሲጫወት ጆን ገና 21 ዓመቱ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በሩን ሲያንኳኳ “ቦታ ሞልቷል” ይባላል?

ሚሚ ከዲሲ፦ ያው ልጅ አይደል እንዴ በ1992 ጃፓን ላይ ቱሩን መሀል አቋርጦ እብስ ያለው? በቦታው ጊታሪስቱን ዴቭ ናቫሮን አስገቡ፣ በ1995 አንድ አልበም ሠሩ፣ አልተግባቡም። በ1998 ጆን ከሱስ ወጥቶ ሲመጣ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት። በ2009 ደግሞ ተመልሶ ወጣ። ስንት ጊዜ ይታገሡት?

ባለ ስድስት ክር፦ ሲመለስ ባዶ እጁን አልመጣማ! በዓመቱ “ካሊፎርኒኬሽን” የተባለው አልበም ወጣ። ለዚህ እኔም እታገሣለሁ።

ሚሚ ከዲሲ፦ ጆሽንም እንዳትንቀው። “ኢትዮጵያ” የምትባለው ዘፈን እኮ በእሱ ጊዜ ነው የተሠራችው፣ በ2011ዱ አልበም። እሱና ቤዝ ተጫዋቹ ፍሊ አገራችን ደርሰው ከተመለሱ በኋላ ነው።

ባለ ስድስት ክር፦ ሃሃ፣ ስማችን ተጠራ ብለን ፍርድ እናዛባ?

የድሮ ካሴት፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ረስታችኋል። ጆን ራሱ ተተኪ ነው። የመጀመሪያው ጊታሪስት ሂሌል ስሎቫክ በ1988 በሄሮይን ሞተ። ድራመሩ ጃክ አይረንስም ከሐዘኑ የተነሳ ወጣ። ጆን በ18 ዓመቱ ሲገባ የባንዱን ዘፈኖች በቃሉ የሚያውቅ አድናቂ ነበር። የአሁኑ ድራመር ቻድ ስሚዝም የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከጥንት ያሉት ዘፋኙ ኪዲስና ፍሊ ብቻ ናቸው። ስለዚህ “ቦታው የጆን ነው” አትበሉኝ። ይልቅ “ከጆን ጋር ሙዚቃው ይሠምራል” በሉ፣ እሱን እቀበላለሁ።

ባለ ስድስት ክር፦ እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። ግን ጆሽም እኮ ሜዳ ላይ አልቀረም። በ2021 ፐርል ጃም ከተባለው የሮክ ባንድ ጋር መድረክ ላይ ነበር። ቂም እንደሌለውም ራሱ ተናግሯል።

አወያይ፦ ቂም አለመያዙ የእሱ ጨዋነት ነው። ውሳኔው ግን አሁንም ይከነክነኛል። አንድ ሆቴል ውስጥ ኪቦርድ እጫወት ነበር። የድሮው ልጅ ከዱባይ ተመለሰና ቦታዬን ያዘ። እውነቱን ለመናገር ከእኔ ይሻላል። ጆሽን ግን ፍሊ ቤት ጠርተው ፊት ለፊት ነው የነገሩት። እኔ በቴክስት ነው የሰማሁት፣ ያውም ለልምምድ ታክሲ ተሳፍሬ።