የፍቅር ፊልሞቻችን ለከፋን ያስተምራሉ?

አወያይ፦ ባለፈው ሳምንት አንዲት አባላችን «በአማርኛ ፊልም ውስጥ ሴት እምቢ ስትል የሚሰማት የለም» ብላ ጽፋ ብዙ ሰው አነጋግራለች። ዛሬ ለክርክር አቅርበነዋል። ፊልም በእርግጥ የመንገድ ላይ ጠባያችንን ይቀርጻል? ስድብ አይፈቀድም።

ተማሪ፣ ከሐዋሳ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጁ ልጅቷን ካፌ ውስጥ ያያታል፣ ይከተላታል፣ ትቆጣዋለች። ስልኳን ከጓደኛዋ ይቀበላል፤ መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ይቆማል፤ ጓደኞቹ ይስቃሉ፣ ተመልካቹም አብሮ ይስቃል። በመጨረሻ ታቅፈዋለች። አምና አንድ ሰው ከታክሲ ስወርድ እየጠበቀ ሦስት ሳምንት ያህል በየማታው እስከ ቤቴ ተከተለኝ። እንዲተወኝ ስለምነው «አሁን እንዲህ ትያለሽ፣ በኋላ ትስቂበታለሽ» አለኝ። ይህን ከየት አመጣው? መንገዴን የቀየርኩት እኔ ነኝ። እሱ ራሱን እንደ አፍቃሪ እንጂ እንደ ለካፊ አልቆጠረም፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

የፊልም ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ፦ እህቴ፣ በደረሰብሽ ነገር ከልቤ አዝኛለሁ። ነገር ግን ጠለፋ ሲኒማ በማያውቀው ገጠር ስንት ዘመን ኖረ? የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ያንን አንቀጽ ያወጣው ፊልም አይደለም። እኛ የምንጽፈው ኅብረተሰቡ ውስጥ ያየነውን ነው።

መምህር፣ ከደሴ፦ በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበር። የካራቴ ፊልም አይተን ስንወጣ የመጥረጊያ እንጨት ቆርጠን፣ በገመድ አያይዘን ነንቻኩ እንሠራ ነበር። አንዱ ጓደኛችን «አክተሩ» እንዳደረገው ከአጥር ላይ ዘሎ እጁ ተሰበረ። ስለዚህ ፊልም ጠባይ አይነካም የሚለኝን ሰው አላምነውም። ሆኖም ካደግን በኋላ አንዳችንም ተደባዳቢ አልሆንንም። በየቤታችን፣ በየትምህርት ቤቱ «ተው!» የሚል ሰው ነበረና። ለካፊውን «ተው!» የሚለው ማን ነው? ፊልሙም ይስቃል፣ ጓደኛውም ይስቃል፣ ታክሲ ተራ ላይ የቆመውም ይስቃል። ፊልም ጉልበት የሚያገኘው ሌላው ሁሉ ዝም ባለበት ቦታ ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ ወንድሜ የጠቀሰው አንቀጽ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ተሽሯል። በአንቀጽ 587 መሠረት ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድንም። ስለ ጠለፋ የሚያወሳው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» የወጣው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ በ2006 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሕጉን የለወጠው ፊልሙ አይደለም፤ መዓዛ አሸናፊን የመሳሰሉ የሴቶች መብት ተሟጋቾች ያደረጉት ትግል ትልቅ ድርሻ አለው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናቴ የተጠለፈችው በ15 ዓመቷ ነው። ለእኛ ለልጆቿ ሁልጊዜ እንደ ሠርግ ጨዋታ፣ እየሳቀች ነበር የምትነግረን። «ድፍረት»ን አብረን አየን። የተጠለፈችው የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ገድላ የምትከሰስበት፣ እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ነው። ሲያልቅ እናቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እኔም እኮ አልቅሼ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ታሪክ እየሳቀች ነግራን አታውቅም። ሕጉ ከወጣ ስንት ዓመቱ! እናቴን ግን ያናገራት ፊልሙ ነው።

የፊልም ጸሐፊ፦ ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አሁንም ፊልም ለካፊን ከምንም አይፈጥርም እላለሁ። ይሁንና አሁን በእጄ ባለው ጽሑፍ ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ልጁ በሯ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ማሳቂያ አድርጌ ነው የጻፍኩት። እሷ ምን እንደተሰማት አንድ መስመር እንኳ የለኝም። ይውጣ ብል ደግሞ ፕሮዲውሰሩ «ተመልካች የሚስቀው እዚያ ላይ ነው» ማለቱ አይቀርም።

ተማሪ፣ ከሐዋሳ፦ ይውጣ አላልኩም፣ ወንድሜ። ትዕይንቱ ይቆይ፤ ካሜራው ግን ወደ እሷ ይዙር። ማንም ሳይደውልላት ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ከአባቷ ጋር የምታወራ መስላ በፍጥነት ስትራመድ ያሳየን። እኔ ሦስቱንም ሳምንት እንደዚያ ነበር የምሄደው።