ጥቁሩ በር ወደ ዌልስ ነበር የሚከፈተው፤ ፊልሙ ላይ የት ገባ?

የማታ ንባብ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው እንግሊዝ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ። ማታ ማታ የዳያና ዊን ጆንስን «የሃውል ተንቀሳቃሽ ግንብ» ሳነብላት ከረምኩ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ግን አማርኛዋ እንዳይጠፋባት ገጹን እያየሁ በአማርኛ ነው የምነግራት። የአስማተኛውን የሃውልን ልብ ይዞ ግንቡን የሚያንቀሳቅሰውን ካልሲፈርን «የእሳት ጋኔን» ብላት እንቅልፍ አይወስዳትም ብዬ ፈራሁና «የምድጃው መንፈስ» አልኩት። ወደደችው።

የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ሶፊ ናት፤ በጠንቋይ ድግምት አሮጊት የምትሆን ወጣት። ባርኔጣ እየሠራች ከባርኔጣዎቹ ጋር ታወራለች። አንዱን «አንቺ ሀብታም ታገቢያለሽ» ትለዋለች፤ የተናገረችው ይደርሳል። ልጄ «እንደ አያቴ ምርቃት?» አለችኝ። አዎ፣ ልክ እንደዚያ አልኳት።

«ግንብ» ስላት ደግሞ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የጎንደሩን የፋሲል ግንብ ነው ያሰበችው። አራቱን ማማዎች ጥቁር ቀባቻቸው፤ ጭስም አወጣችላቸው። መጽሐፉም ባለ አራት ማማ ጥቁር ግንብ ስለሚል ሥዕሏ አልራቀም።

ባለፈው ቅዳሜ ጃፓናዊው ሃያኦ ሚያዛኪ ከዚህ መጽሐፍ ተነስቶ በስቱዲዮ ጂብሊ የሠራውን የካርቱን ፊልም ከፈትኩላት። ግንቡ በዶሮ እግር የሚሄድ የብረት ክምር ሆኖ መጣ። ዝም አለች። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ከሶፋው ተነሳች። በሩ አራት ቀለም አለው፤ ቀለሙ ሲዞር የሚከፈትበት ቦታ ይለወጣል። በመጽሐፉ ጥቁሩ ወደ ዌልስ ነው። ሃውል እዚያ እህት ያለችው ተራ ሰው ነው፤ እኛም ባለፈው ሰመር በባቡር የሄድንበት አገር ነው። ልጄ ያንን ነበር የምትጠብቀው። ፊልሙ ላይ ጥቁሩ በር ወደ ጨለማና ወደ ጦርነት ተከፈተ። «ዌልስን የት አደረጉት?» ብላ አለቀሰች።

ይህን ያህል መቀየር ለምን አስፈለገ? ለልጄስ ምን ልበላት?

ሰሌዳ

እህቴ፣ እኔ አዲስ አበባ ካርቱን እየሣልኩ ነው የምኖረው። የሃያ አንድ ምዕራፍ መጽሐፍ ሁለት ሰዓት ውስጥ አይገባም። ሦስቱ እህቶች (ሶፊና ሁለቱ እህቶቿ) ፊልሙ ላይ የቀነሱትም፣ የሃውል ተለማማጅ የሆነው የአሥራ አምስት ዓመቱ ማይክል ማርክል የሚባል ትንሽ ልጅ የሆነውም ለዚህ ይመስለኛል።

ግን የሶፊን ፊት እይው። መጽሐፉ ውስጥ አንዴ ካረጀች በኋላ እስከ መጨረሻው አሮጊት ናት። ፊልሙ ላይ ዕድሜዋ ሲጨምር ሲቀንስ ታያለሽ። ሃውል መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርግ ተኝታ ወጣት ናት። ቤተ መንግሥት ሄዳ ለሃውል ስትከራከር ጀርባዋ ይቀናል፣ ሽብሽቧ ይጠፋል፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሳ ትጎብጣለች። ማንም «ልጅ ሆነች» አይልም። ሥዕሉ ብቻ ነው የሚናገረው። እኔ በሙያዬ እንደዚህ የምቀናበት ነገር የለም። ከልጅሽ ጋር ደግማችሁ እዩትና ፊቷ ስንት ጊዜ እንደሚለዋወጥ ቁጠሩ።

ዳር ቁጭ

እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ። ከዌልስ ይልቅ ግን የሚያሳዝነኝ ምርቃቱ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሶፊ ራሷ ባለ ኃይል ናት፤ ካልሲፈር ከሃውል ልብ ተለይቶ በሕይወት የቆየው በእሷ ቃል ነው። ፊልሙ ይህን አደብዝዞታል። ለሴት ልጅ የሚነበብ መጽሐፍ ሲሆን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የድሮ አንባቢ

ልጄ፣ የጥቁሩን በር ነገር ላንሳልሽ።

ዳያና ዊን ጆንስ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ናት። ለደህንነቷ ተብሎ የተላከችው ወዴት መሰለሽ? ዌልስ፣ አያቶቿ ዘንድ። ሚያዛኪ ደግሞ በ1941 ነው የተወለደው። በ1945 ኡትሱኖሚያ የተባለችው የጃፓን ከተማ በአውሮፕላን ስትደበደብ በሌሊት ከቤተሰቡ ጋር ሸሽቷል። ፊልሙ የወጣው በ2004 ነው፤ የኢራቅ ጦርነት በጣም አስቆጥቶት ስለነበር ያ ቁጣ ፊልሙ ውስጥ ገብቷል።

እንግዲህ እሷ በጥቁሩ በር በኩል ዌልስን አስቀመጠች። እሱ የሚነደውን ሰማይ አስቀመጠ። እኔ ሁለቱም በዚያ በር ወደ ልጅነታቸው የተመለሱ ይመስለኛል። መጽሐፉን ቢንቀው ኖሮ በሩን ራሱን በተወው ነበር። ደራሲዋም ፊልሙን ወዳዋለች።

አንድ ነገር ደግሞ ለልጅሽ ንገሪያት። የመጽሐፉ ሐሳብ የመጣው ከአንድ ተማሪ ነው። ደራሲዋ ትምህርት ቤት ስትጎበኝ አንድ ልጅ «ተንቀሳቃሹ ግንብ» የሚል መጽሐፍ ጻፊልኝ አላት። ይህን መጽሐፉ መግቢያ ላይ አስፍራዋለች፤ ገልጣችሁ እዩት።

የማታ ንባብ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባባ፣ የጻፉትን ትናንት ማታ በአልጋዋ ላይ አነበብኩላት። ስለ ኡትሱኖሚያ ስሰማ እኔም ከበደኝ። እሷ ግን የጠየቀችኝ ስለ ልጁ ነው፤ «ስሙን ለምን አልጻፈችውም?» አለች። መግቢያውን አብረን ገልጠን አየነው።

ቅዳሜ ፊልሙን ደግመን እናያለን። የሶፊን ፊት የምትቆጥርበት ደብተር አዘጋጅታለች። ዳር ቁጭ፣ ያንተንም ነግሬያታለሁ፤ የምርቃቱ ነገር እሷንም ቆጭቷታል። የዌልስን ነገር ግን አሁንም ይቅር አላለቻቸውም።