በኩኪ የሚሠራ ሎግኢን፦ ሰርቨር ላይ ወደ መግቢያ ገጹ ይመልሳል፤ የወላጅና የመምህር ፈቃድስ የት ይፈተሽ?

ባክኤንድ_ጀማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የተማሪ ውጤት ማሳያ ዌብ አፕ ነው፤ ኖድ፣ ኤክስፕረስና ፖስትግሬስ፤ ለሴሽኑ (ሰርቨሩ የገባውን ሰው የሚያስታውስበት መዝገብ፤ ቁጥሩ በኩኪ ብራውዘሩ ላይ ይቀመጣል) «ኤክስፕረስ-ሴሽን»። ከፊት ኤንጂንኤክስ የሚባለው ፕሮክሲ አለ። ኤችቲቲፒኤሱን ተቀብሎ በተራ ኤችቲቲፒ ወደ ፖርት 3000 ያስተላልፋል። ተጠቃሚዎቹ ሬጅስትራር፣ መምህርና ወላጅ ናቸው።

ላፕቶፕ ላይ የኩኪውን ሴኪዩር (ኩኪው በኤችቲቲፒኤስ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርገውን ሴቲንግ) አጥፍተን ስንሞክር ሁሉም ይሠራል። ሰርቨር ላይ ግን ትክክለኛ ፓስወርድ ገብቶ «ግባ» ሲባል ወዲያው ወደ መግቢያ ገጹ ይመልሳል። ሎጉ ላይ ምንም ስህተት የለም፤ የፓስወርድ ማረጋገጫውም ያልፋል። የኩኪው ሴቲንግ፦ ሴኪዩር በርቷል፣ ኤችቲቲፒኦንሊ (ጃቫስክሪፕት እንዳያነበው) በርቷል፣ ሴምሳይት (ከሌላ ሳይት በሚመጣ ሪክዌስት ኩኪው ይሂድ አይሂድ የሚለው) ላክስ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ፈቃድ ነው። ሮሉን (የተጠቃሚውን ሚና) «ወላጅ» ወይም «መምህር» ብለን በሌላ ኩኪ አስቀምጠን፣ ወላጅ ሲሆን «ውጤት አስገባ» የሚለውን ቁልፍ እንደብቃለን። ይህ ይበቃል?

የሌሊት_ተረኛ፦

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ችግር ፕሮክሲው ነው። ኤንጂንኤክስ በተራ ኤችቲቲፒ ስለሚያስተላልፍ ኤክስፕረስ ግንኙነቱን «ሴኪዩር አይደለም» ብሎ ያየዋል። ኤክስፕረስ-ሴሽን ደግሞ ሴኪዩር የተባለን ኩኪ እንዲህ ባለ ግንኙነት አይልክም። አይልክም ብቻ ሳይሆን ዝም ብሎ ነው የሚተወው፤ ሎግ ላይ ምንም ያላያችሁት ለዚህ ነው።

ከመነካካትህ በፊት አረጋግጥ። ኤፍ12 ተጫን፣ ኔትወርክ የሚለውን ክፈት፣ ሎግኢን አድርግና የፖስት ሪክዌስቱን ሪስፖንስ እይ። «ሴት-ኩኪ» የሚል ሄደር ከሌለ ችግሩ እኔ ያልኩት ነው። ሄደሩ መጥቶ ቀጣዩ ሪክዌስት ኩኪውን ይዞ ካልሄደ፣ ብራውዘሩ ጥሎታል ማለት ነው፤ ዶሜይኑን፣ ፓዙንና ዕድሜውን ፈትሽ። ኩኪው ሄዶም ከመለሰህ ጥፋቱ ሴሽኑ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው።

መፍትሔው ሁለት ቦታ ይነካል። ኤንጂንኤክስ ላይ «ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፕሮቶ» የሚለው ሄደር ስኪሙን (ኤችቲቲፒ ወይስ ኤችቲቲፒኤስ መሆኑን) ይዞ እንዲያልፍ አድርግ። ኤክስፕረስ ላይ «ትረስት ፕሮክሲ»ን 1 በል፤ ከፊት ያለውን አንድ ፕሮክሲ ብቻ እመን ማለት ነው። «ትሩ» አትበል፤ ትሩ ካልከው ማንም ከውጭ የሚልከውን የአይፒ ሄደር ያምናል፤ በአይፒ የምትቆጥረው የሎግኢን ሙከራ ገደብም ዋጋ ያጣል። ኖዱም 127.0.0.1 ላይ ብቻ ያዳምጥ፤ ፖርት 3000 ለውጭ ክፍት ከሆነ ኤንጂንኤክስን ዘሎ የሚገባ አይጠፋም። ሴኪዩርን አጥፍተህ እንዳታልፈው አደራ፤ ያኔ ኩኪው በተራ ኤችቲቲፒ ሜዳ ላይ ይወጣል።

የዕድሜውን ቁጥርም ተመልከት። በኤክስፕረስ-ሴሽን «ማክስኤጅ» የሚቆጠረው በሚሊሰከንድ ነው፤ ሄደሩ ላይ ያለው «ማክስ-ኤጅ» ግን በሰከንድ። ለ30 ደቂቃ 1,800,000 መጻፍ ሲገባ 1800 የጻፈ ሰው ኩኪው ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ይሞትበታል፤ ምልክቱም ያንተው ዓይነት ነው።

ሴሽኑ የት እንደሚቀመጥ አልጻፍክም። ምንም ካልቀየርክ ሚሞሪ ላይ ነው። ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር ሁሉም ሰው ይወጣል፤ ሁለት ፕሮሰስ ካስነሳህ ደግሞ አንዱ ያወቀውን ሰው ሌላው አያውቀውም፤ ሎግኢኑ አንዴ ይሠራል አንዴ እምቢ ይላል። ፖስትግሬስ ስላለህ «ኮኔክት-ፒጂ-ሲምፕል»ን ተጠቀም፤ አንድ ሠንጠረዥ ይበቃዋል።

ፓስወርዱ ትክክል ሲሆን የድሮውን ሴሽን ይዘህ አትቀጥል። «ሪጀነሬት» አድርግ፣ የተጠቃሚውን መለያ ቁጥር አስገባ፣ «ሴቭ» አድርግ፣ ሴቩ ሲያልቅ ብቻ ወደ ዳሽቦርድ ምራው። ሪጀነሬቱ ከቀረ አጥቂ አስቀድሞ የሚያውቀውን የሴሽን ቁጥር ተጠቃሚው ላይ ተክሎ፣ እሱ ሲገባ አብሮት ሊገባ ይችላል።

በር_ጠባቂ፦

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ፤ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። አይበቃም። የሮል ኩኪውን ዛሬውኑ አጥፉት። ወላጁ ኤፍ12 ከፍቶ፣ ኩኪዎቹን የሚያሳየው ቦታ ገብቶ «ወላጅ» የሚለውን አጥፍቶ «መምህር» ብሎ ይጽፋል፤ አለቀ። ኤችቲቲፒኦንሊ ከጃቫስክሪፕት ይሰውረዋል እንጂ ከኮምፒውተሩ ባለቤት አይሰውረውም። ቁልፍ መደበቅም ገጹን ያሳምራል እንጂ በር አይዘጋም፤ አድራሻውን የሚያውቅ ሰው ያለ ቁልፉም ሪክዌስት ይልካል።

ሴሽኑ ውስጥ የተጠቃሚው መለያ ቁጥር ብቻ ይኑር። ሮሉን በየሪክዌስቱ ከዳታቤዝ አንብቡ። በፕራይመሪ ኪ አንድ ረድፍ ማንበብ ቀላል ሥራ ነው። ሮሉን ሴሽን ውስጥ ብታስቀምጡት፣ ከሥራ የለቀቀ መምህር ሴሽኑ እስኪያበቃ ድረስ መምህር ሆኖ ይቆያል።

ሁለት ሚድልዌር (ሪክዌስቱ መድረሻው ሳይደርስ የሚፈትሽ ኮድ) ጻፉ፦ አንዱ «ገብቷል ወይ?» ይላል፣ ሌላው «ይህ ሮል አለው ወይ?»። ያልገባውን 401፣ ገብቶ ያልተፈቀደለትን 403 መልሱለት። ኤክስፕረስ የሚሄደው በተጻፈው ቅደም ተከተል ስለሆነ ሚድልዌሩ ከራውቶቹ (ለየአድራሻው መልስ ከሚሰጡት) በላይ ይሁን። በየራውቱ አንድ በአንድ ከመለጠፍ ደግሞ ራውተሩን በሙሉ ዝጉና መግቢያ ገጹን የመሰሉትን ብቻ ለይታችሁ ክፈቱ። አዲስ ራውት የጨመረ ሰው መለጠፉን ቢረሳ ራውቱ ተዘግቶ ይገኛል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ሮል ብቻውን ግን አያድንም። አንድ ወላጅ ገብቶ የልጁን ውጤት ሲያይ አድራሻው መጨረሻ ላይ 118 ይላል እንበል። 118ን ወደ 119 ቀይሮ ኢንተር ሲመታ የጎረቤት ልጅ ውጤት ይመጣለታል። ሮሉ ትክክል ነው፤ ወላጅ ነው፤ የዚያ ልጅ ወላጅ ግን አይደለም። የኦዋስፕ (የዌብ ደህንነት ድርጅት) የ2021 የአደጋዎች ዝርዝር የተበላሸ የፈቃድ ቁጥጥርን 1ኛ ላይ አስቀምጦታል፤ ይህ ደግሞ ዋና መልኩ ነው።

ማጣሪያውን ዳታቤዙን የምትጠይቁበት ኩዌሪ ውስጥ አስገቡት። «የተማሪ ቁጥሩ 118 የሆነውን አምጣ» አትበሉ፤ «ቁጥሩ 118 የሆነውንና ከዚህ ወላጅ ጋር በወላጅ-ተማሪ ሠንጠረዥ የተያያዘውን አምጣ» በሉ። የወላጁ ቁጥር ከሴሽን ይምጣ፤ ከአድራሻው ወይም ከፎርሙ ፈጽሞ አይምጣ። ምንም ረድፍ ካልተገኘ 404 («አልተገኘም») መልሱ፤ 403 ከመለሳችሁ ተማሪው መኖሩን ነገራችሁት ማለት ነው። መምህሩም እንዲሁ፦ የሚያስተምረው ክፍልና ትምህርት ላይ ብቻ፣ የማስገቢያ ጊዜው ክፍት እያለ ብቻ። ይህን ፍተሻ የሚያነበው ራውት ላይ አድርገው የሚያስተካክለው ላይ የሚረሱ ብዙ ናቸው። ፒዲኤፍ የሚያወርደውንም አትርሱት።

ፊደል_ቆጣሪ፦

እስካሁን ያልተነሳ አንድ ጉዳይ፦ ተጠቃሚዎቻችሁ በአማርኛ ይጽፋሉ። ፓስወርዱን በቢክሪፕት የምታሃሹት (ወደማይመለስ ኮድ የምትቀይሩት) ከሆነ ቢክሪፕት የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 72 ባይት ብቻ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 24 ፊደል ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳይናገር ይቆርጠዋል፤ የመጀመሪያ 24 ፊደሉ አንድ ሆኖ መጨረሻው ብቻ የተለያየ ረጅም የአማርኛ ሐረግ ሁሉ እኩል ይሆናል። የጃቫስክሪፕት «ሌንግዝ» ፊደል እንጂ ባይት ስለማይቆጥር አያስጠነቅቃችሁም። ገና ጅምር ላይ ከሆናችሁ አርጎን2አይዲ የሚባለውን ሌላ የሃሽ ዘዴ ውሰዱ፦ ሚሞሪ 19456 ኪቢባይት፣ ዙር 2፣ ፓራለሊዝም 1፤ ኦዋስፕ በዝቅተኛነት ከሚመክራቸው አንዱ ነው።

የተጠቃሚ ስም ላይ ደግሞ ሞክሼ ፊደላት አሉ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለሰው አንድ ናቸው፤ ለዳታቤዝ ሁለት። አንዱ ስሙን ረስቶ «አይገባልኝም» ይላል፤ ሌላው ሆን ብሎ በሬጅስትራሩ ስም ተመሳስሎ ይመዘገባል። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነዘራቸው የምትቀይር ፈንክሽን ጻፉ፤ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ማምጣትም አትርሱ። ውጤቱን በሌላ ኮለም አስቀምጡና ዩኒክ ኢንዴክሱን (ድግግሞሽ የሚከለክለውን) እዚያ ላይ አድርጉ። ለማሳያ ሰውየው የጻፈው እንዳለ ይቆይ። ፓስወርድ ላይ ግን ይህን አታድርጉ፤ ፓስወርድ እንደተጻፈ ይሃሽ።

የሙከራ ገደብ ስትጥሉ በአይፒ ብቻ አትቁጠሩ። በሞባይል ኔትወርክ ብዙ ስልኮች አንድ አይፒ ይጋራሉ፤ አንዱ ሲሳሳት ሰፈሩ ሁሉ ይዘጋል። በአካውንትም ቁጠሩ።

ባክኤንድ_ጀማሪ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ሴት-ኩኪ» ሄደሩ አልነበረም፤ ትረስት ፕሮክሲን 1 ብለን ሄደሩን ስንጨምር ገባ። የሮል ኩኪውንም አጥፍተናል። ሁለት ነገር ልጨምር፦ መምህራን ማረፊያ ባለው የጋራ ኮምፒውተር ላይ ሎግአውት ካደረጉ በኋላ የኋሊት ቀስቱ ሲነካ የቀድሞው ገጽ ይታያል። ሴምሳይትን ስትሪክት ብናደርገውስ ይሻላል?

የሌሊት_ተረኛ፦

የምታዩት ብራውዘሩ ያስቀረው ቅጂ ነው፤ ሴሽኑ ሞቷል። ሎግኢን የሚጠይቁት ገጾች ሁሉ «ካሽ-ኮንትሮል» ላይ «ኖ-ስቶር» ይበሉ። ሎግአውት ሲደረግ ሴሽኑን ከሠንጠረዡ አጥፉ፤ ኩኪውንም ሲፈጠር በነበረው ፓዝና ዶሜይን አጥፉት፤ ካልተመሳሰለ አይጠፋም። ለጋራው ኮምፒውተር «ሮሊንግ»ን (በተነካ ቁጥር ዕድሜውን የሚያድሰውን) አብርታችሁ 30 ደቂቃ ያልተነካ ሴሽን ይዘጋ። ሮሊንግ ብቻውን ግን እየተነካ እስከ ሌሊት ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ የገባበትን ሰዓት ሴሽኑ ውስጥ ይዛችሁ ከገባ 8 ሰዓት ሲሞላው የግድ አስወጡት።

ስትሪክት ካደረጋችሁት ከኢሜይል ገጽ ወይም ከቴሌግራም ዌብ ሊንክ ተጭኖ የሚመጣ ወላጅ ገብቶ እያለ እንዳልገባ ይታያል። ላክስ ይበቃችኋል፤ ላክስ ከሌላ ሳይት የሚመጣን ፖስት ኩኪ አያስይዘውም፤ በሊንክ የሚመጣን ጌት ግን ያስይዘዋል። ስለዚህ ማጥፋት፣ ውጤት መቀየር፣ ሎግአውትም ጭምር በጌት አይሠሩ። ፎርሞቹ ላይ የሲኤስአርኤፍ ቶክን (ፎርሙ ከራሳችሁ ገጽ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ሚስጥራዊ ቁጥር) ጨምሩ፤ ንዑስ ዶሜይኖች ለሴምሳይት እንደ አንድ ሳይት ስለሚቆጠሩ በአንዱ በኩል የሚመጣ ጥቃት በላክስ አይታገድም። ስልክ ላይ ሊንኩ በቴሌግራም የውስጥ ብራውዘር ሲከፈት ክሮም ላይ ያለውን ኩኪ ላያገኝ ይችላል፤ እዚያ እንደገና ግቡ ቢላቸው የእናንተ ስህተት አይደለም፤ መግቢያ ገጹ ላይ «በክሮም ክፈቱ» የሚል አንድ መስመር ጻፉላቸው።