ፈርነስ አልነሳ ሲል፦ ከአዳማ ሆኖ አውሮራ ያለ ቤት ማሞቅ

የፍራንኮ ልጅ፣ አዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴና እናቴ አውሮራ፣ ኮሎራዶ፣ እህቴ ቤት ናቸው። ቤቱ የራሷ ነው፤ እሷ ግን የሌሊት ፈረቃ ገብታለች። ፈርነሱ፣ ማለትም ቤቱን የሚያሞቀው የጋዝ ማሽን፣ ያጉረመርማል፣ እሳቱ ይያያዛል፣ ወዲያው ይጠፋል። ደጋግሞ ሞክሮ አሁን ዝም ብሏል። በቪዲዮ እያየሁ ልመራቸው እችላለሁ፣ ግን አዳማ ያደገ ሰው ማራገቢያ እንጂ ማሞቂያ አያውቅም። ምን ይንኩ፣ ምን አይንኩ?

ቴክኒሻኑ፣ አውሮራ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቃቸው፦ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ አለ? ካለ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይነኩ፣ ክብሪት ሳይጭሩ፣ ካፖርታቸውን ደርበው ይውጡ። 911 የሚደወለው ውጭ ከወጡ በኋላ ነው። ከሌለ እንቀጥል።

ፈርነስ የሚነሳው በቅደም ተከተል ነው። ቴርሞስታቱ፣ ግድግዳ ላይ ያለው የሙቀት መምረጫ፣ ሙቀት ሲጠይቅ መጀመሪያ ትንሿ የጭስ መሳቢያ ፋን፣ ኢንዱሰሯ፣ ትዞራለች። ጭሱ በደንብ መሳቡን ፕሬዠር ስዊቹ ያረጋግጣል። ቀጥሎ እሳት ለኳሹ ኢግናይተር ግማሽ ደቂቃ ገደማ ግሎ ይቀላል፣ የጋዝ ቫልቩ ቀጭ ብሎ ይከፈታል፣ እሳት ይያያዛል። ፍሌም ሴንሰሩ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እሳት መኖሩን ማሽኑን ለሚያዘው ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ካላሳወቀ ቦርዱ ጋዙን ይዘጋል። ትልቁ ፋን የሞቀውን አየር ወደ ክፍሎቹ የሚነፋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ የት ላይ እንደቆመ ያየ ሰው ብልሽቱ ላይ ግማሽ መንገድ ደርሷል። ኢንዱሰሯ ጭራሽ ካልዞረች ኤሌክትሪክ ወይም ቴርሞስታት ነው። ዞራ ኢግናይተሩ ካልቀላ የጭስ መንገዱ፣ ፕሬዠር ስዊቹ ወይም ራሱ ኢግናይተሩ ነው። ቀልቶ እሳት ካልመጣ ጋዙን እይ። የእናንተ ተያይዞ ነው የሚጠፋው፤ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፍሌም ሴንሰሩን ነው።

ዝም ያለው ራሱን ቆልፎ ነው። ብዙ ቦርዶች ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ለአንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆልፋሉ። ኤሌክትሪኩን ከማጥፋታቸው በፊት አባትህ ስልካቸውን የፈርነሱ በር ላይ ወዳለችው ትንሽ መስታወት አስጠግተው የቦርዱን መብራት ብልጭታ ይቅረጹ። አንዳንዱ ቦርድ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ኮዱን ይረሳል። ትርጉሙ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተለጥፏል፤ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከኢንተርኔት በግምት አትውሰድ።

ወላጆችህ ዛሬ ማታ ያለ መሣሪያ የሚያዩት ይህን ነው። ቴርሞስታቱ ሂት ላይ ይሁን፤ ቁጥሩ በፋረንሃይት ስለሆነ 68 ማለት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ስክሪኑ ከደበዘዘ ባትሪ ይቀይሩ። ፈርነሱ አጠገብ የአምፖል ማብሪያ የሚመስል ማጥፊያ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሰው መብራት መስሎት ያጠፋዋል። የታችኛው በር በደንብ ካልገጠመ ከኋላው ያለው ስዊች ስለማይጫን ማሽኑ ፈጽሞ አይነሳም። የጋዙ እጀታ ከቧንቧው ጋር ትይዩ ከሆነ ክፍት፣ ከተሻገረ ዝግ ነው። ፊልትሩ በአቧራ ጠቁሮ ከሆነ ያውጡት፤ አየር የታፈነበት ፈርነስ ከመጠን በላይ ይግልና ውስጡ ያለው የግለት መከላከያ ስዊች ያቆመዋል። ይህን አይተው ማጥፊያውን አንድ ደቂቃ አጥፍተው ያብሩ። አንድ ጊዜ ብቻ! እሳቱ እንደገና ተያይዞ ከጠፋ ይተዉት፣ የቀረውን እህትህ ጠዋት ትሥራው።

ለእሷ የሚሆን ይኸው። ብሬከሩንና ማጥፊያውን ታጥፋ፣ ጋዙን ትዝጋ። ፍሌም ሴንሰሩ በርነሮቹ፣ ማለትም እሳቱ የሚነድባቸው ቱቦዎች፣ ጫፍ ላይ፣ ከኢግናይተሩ በተቃራኒ በኩል የተሰካ፣ የሸክላ አንገት ያለው ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሩብ ኢንች ብሎን ነው። ሽቦውን ነቅላ፣ ብሎኑን ፈትታ ቀስ ብላ ትሳበው። ቦርዱ እሳት መኖሩን የሚያውቀው በዚህ ዘንግና በእሳቱ በኩል በሚያልፍ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፤ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 6 ማይክሮአምፒር ነው። ዘንጉ ላይ ነጣ ያለ ሽፋን ሲጋገርበት ኤሌክትሪኩ አያልፍም፣ እሳቱ ዓይናችን እያየው ቦርዱ “የለም” ይላል። በደቃቅ የብረት ሱፍ ብረቱ እስኪያበራ ትፈትገው፣ በደረቅ ጨርቅ ትጥረገው። ብርጭቆ ወረቀት አይሁን፤ የአሸዋው ቅሪት ራሱ ሽፋን ይሆናል። ሸክላው ከተሰነጠቀ ማጽዳት አይረዳም፣ ይቀየር። ኢግናይተሩን በባዶ እጅ እንዳትነካው፤ የእጅ ቅባት ሲግል ያሰነጥቀዋል። ተጸድቶም ከጠፋ የበርነሩን የመሬት ሽቦ ታጥብቅ፤ ከዚያ ወዲያ ባለሙያ ይምጣ።

ማሽኑ ጭራሽ ለሞተባችሁ ደግሞ፦ ቦርዱ ላይ በመኪና ውስጥ ያለው ዓይነት ባለ ሁለት ጥርስ ፊውዝ አለ፣ ወይን ጠጁ 3 አምፒር፣ ፈካ ያለው ቡናማ 5። ያው መጠን ይተካ። ከፍ ያለ ፊውዝ ብትጨምሩ የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው።

የሚኒያፖሊሱ

ቴክኒሻኑ በሚገባ አስረድቷል፣ እኔ የበረዶውን ልጨምር። ጭስ ማውጫው ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ከሆነ ፈርነሱ ውሃ ያንጠባጥባል ማለት ነው። በረዶ ሲጥል ሁለቱም ቱቦዎች፣ ጭስ ማውጫውም አየር ማስገቢያውም፣ ውጭ ላይ እንዳይታፈኑ ይጥረጉ። ኢንዱሰሯ እየዞረች ኢግናይተሩ ካልቀላ የውሃ መውረጃውን እዩ፤ ወጥመዱ፣ ውሃ የሚቋጥረው የመውረጃው መታጠፊያ፣ በዝቃጭ ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ይመለስና ፕሬዠር ስዊቹ አይዘጋም። ቀጭኗን የጎማ ቱቦ ከስዊቹ ነቅሎ ውሃውን ማፍሰስ ይቻላል። ስዊቹን በሽቦ ማገናኘት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ጭሱ ቤት ውስጥ መቅረቱን የሚነግራችሁን ነገር ነው የምታጠፉት። ስዊቹ ራሱ ከተበላሸ ኦንላይን አዛችሁ መቀየር ነው።

ነርሷ፣ ዴንቨር

ወንድሜ፣ አሁኑኑ ለእናትህ ንገራቸው፦ ከሰል እንዳያቀጣጥሉ፣ የጋዝ ኦቭኑንም ከፍተው እንዳይሞቁበት። አዳማ በሩ ክፍት ነው፣ አየሩ ይወጣል ይገባል። እዚህ ቤቱ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይጀምራል፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ወደ ውጭ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ፣ በኤክስቴንሽን አይሁን፣ ከመጋረጃና ከብርድ ልብስ አንድ ሜትር ይራቅ። ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ይደሩ፣ ቧንቧ እንዳይቀዘቅዝ የውሃ መክፈቻውን በቀጭኑ ይልቀቁት።

ቴክኒሻኑ፣ አውሮራ

የእህታችንን ምክር አስቀድሙ። ስለ ኦንላይኑ ግን ለሚኒያፖሊሱ ወንድሜ አንድ ማረሚያ አለኝ። አውሮራና አዳማ እህትማማች ከተሞች ናቸው፣ ከፍታቸውም ይቀራረባል፤ ሁለቱም ከባሕር ጠለል ከ1600 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ስለሚሳሳ እዚህ የሚተከል ፈርነስ ብዙውን ጊዜ ለከፍታው ይስተካከላል፤ የተለመደው ስሌት የሚያቃጥለውን ጋዝ ለየ300 ሜትሩ 4 በመቶ ያህል መቀነስ ነው። ፕሬዠር ስዊችም በብዙ ሞዴሎች ለከፍታ የተለየ አለው። የቆላ ስዊች ደጋ ላይ ሲገባ ጤነኛውን ፈርነስ አላስነሳም ይላል። የፈርነሱን ሞዴል ቁጥር ከበሩ ላይ ገልብጣችሁ፣ ለከፍታ የሚሆነውን የዕቃ ቁጥር አስረግጣችሁ ጠይቁ።

ተከራይዋ፣ አውሮራ

እኛ ቤቱ የኛ ያልሆነስ? ከፍተን እናጽዳው ወይስ?

ነርሷ፣ ዴንቨር

እህቴ፣ አትክፈቺው። ፊልትርና ባትሪ ብቻ እዪ። ለአከራይሽ በቴክስት ወይም በኢሜይል ጻፊ፣ በቃል ብቻ አይሁን። በኮሎራዶ ሕግ አከራይ የሚሠራ ማሞቂያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ለጤና አደገኛ ሲሆን ደግሞ ማስታወቂያው በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ሥራ መጀመር አለበት። መቼ እንደቆመ፣ ቤቱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ ሕፃን ወይም አዛውንት መኖሩን ጻፊ፤ የቴርሞስታቱን ፎቶም አያይዢ።