ከድሬ ተነስቶ ላዳክ፦ በአውሮፕላን ወይስ በመኪና?

የሳቢያን ልጅ፦
አቦ እንዴት ናችሁ? ሐምሌ ላይ ዴልሂ የሚማረው ወንድሜ ጋ ልሄድ ነው፣ ከዚያ አብረን ሰሜን ህንድ ያለው ተራራማው ላዳክ ልንወጣ። በረሃ ነው ሲለኝ የድሬን ፀሐይ ለለመደ ምን ያስፈራል አልኩት። እሱ ግን ሙቀቱ አይደለም የሚያስቸግረው ይላል። ቀጥታ የላዳክ ዋና ከተማ ሌህ እንብረር ወይስ ማናሊ በሚባለው ከተማ በኩል በመኪና?

ከዚራ፦
ወንድምህ ልክ ነው። እዚያ በረሃ የሆነው የሂማላያ ተራሮች ዝናቡን ስለሚያስቀሩበት እንጂ ስለሚሞቅ አይደለም፤ ሐምሌም ቢሆን ማታ ጃኬት ያስፈልጋል። ሌህ 3,500 ሜትር ላይ ናት። ድሬ 1,200 ገደማ፣ ዴልሂ ደግሞ ከእኛም በጣም ዝቅ ትላለች፣ እና በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ እዚያ ላይ ዱብ ስትሉ ሰውነት ከየት አምጥቶ ይልመደው? ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ከበረራችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ብሉ፣ ጠጡ፣ ተኙ፣ በቃ። «ሀበሻ ነኝ፣ ከፍታ አይነካኝም» የሚሉትን አትስማ። ባሌና ሰሜን ተራራ ላይ ተወልዶ ያደገ ሌላ፣ እኛ የቆላ ልጆች ሌላ።

ሸዋ በር፦
የማናሊውን መንገድ እኔ አልመክርም። ሐምሌ በዚያ በኩል ክረምት ነው፣ ናዳ መንገድ ይዘጋል። ደግሞ ብዙ ሰው መሀል ላይ ሳርቹ የሚባል ቦታ ያድራል፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ ገና ሳይለምዱ እዚያ ማደር ሌሊቱን ሙሉ መሰቃየት ነው። መኪና ከሆነ በካሽሚሯ ከተማ በስሪናገር በኩል ይሻላል። ካርጊል ታድራላችሁ፣ 2,700 ገደማ ነው፣ ቀስ እያላችሁ ትወጣላችሁ። የካሽሚርን ፀጥታ ግን ቀድማችሁ አጣሩ።

የሳቢያን ልጅ፦
እሺ። ፓንጎንግ ሐይቅስ? መድኃኒት አለ የሚሉትስ?

ከዚራ፦
ፓንጎንግ ከ4,200 በላይ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ከ5,000 በላይ ይወጣል። ሌህ ጥቂት ቀን ሳትቆዩ አትሞክሩት። የውጭ ዜጋ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ሌህ ያሉ አስጎብኚዎች ያወጡላችኋል። መድኃኒቱ አሴታዞላማይድ ይባላል፣ ሐኪም ጠይቀህ ነው የምትወስደው፣ በተለይ ሰልፋ የሚባለው የመድኃኒት ዓይነት የማይስማማህ ከሆነ። ቁጭ ብለህ ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ስትራመድ እንደ ሰካራም ከተንገዳገድክ ግን ክኒን አትቁጠር፣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ውረድ።

ሸዋ በር፦
ቅድመ ክፍያ ሲም ከዴልሂ ብትገዛ ላዳክ አይሠራም፣ ወርሃዊ ክፍያ ያለው ነው የሚሠራው። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። እና አቦ፣ ጫት ይዘህ እንዳትሄድ፣ ህንድ ውስጥ ያሳስራል።