ጥቆማ፦ ሪሞት መኪና ሲቆራረጥ አዲስ አበባ ውስጥ ማን ጋ ይወሰዳል?

ባለፈው ክረምት የልጄ ሪሞት መኪና አመል አወጣች። ጠረጴዛ ላይ ስትሞከር ደህና ናት፤ ጎማዋ ይዞራል፣ መሪዋም ይታዘዛል። ግቢ ውስጥ ሲለቃት ግን ሁለት ሜትር ትሄድና ቀጥ ትላለች። መብራቷ ብልጭ ይልና እንደገና ትነሳለች። መጨረሻ ላይ አንድ ጥገና ቤት ወሰድናት። «ዲናሞው ተቃጥሏል» ተባልን። ዲናሞ ተቀየረ፣ ብሩ ተከፈለ። ቤት ስንደርስ ያው ናት። ልጁ አለቀሰ፣ እኔም በጣም ተናደድኩ።

ጥፋቱን ያገኘሁት ከሳምንት በኋላ ነው። የባትሪውን ሶኬት ነቅዬ በስልክ መብራት አየሁት። ነጩ ፕላስቲክ በአንድ ጎኑ ቢጫ ብሏል። ውስጡ ካሉት ሁለት የብረት ቱቦዎች አንዷ ላልታለች። ዲናሞው ብዙ ኃይል ሲስብ የላላው ቦታ ይሞቃል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ መኪናዋ ውስጥ ያለው የሪሞቱን ትእዛዝ ተቀባይ (ሪሲቨሩ) ይጠፋል። መኪናዋ ስትቆም ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ሪሲቨሩም ይነሳል። ይኸው ነበር። ከዲናሞው ዋጋ በብዙ ያነሰ ሶኬት ተቀየረላትና ዳነች።

ከዚያ ወዲህ የጎረቤትና የዘመድ ልጆች መኪና እየመጣልኝ ብዙ ከፍቻለሁ። ወላጆች ሁሌ የሚጠይቁኝ «ጎበዝ ጠጋኝ ጠቁመን» ብለው ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቃቸው «መቼ ነው የምትቆመው?» ብዬ ነው። ማን ጋ እንደምትወስዷት የሚወስነው እሱ ነውና።

እንዲህ ሞክሩ። ጎማዎቿን ከመሬት አንስታችሁ ሪሞቱን እስከ መጨረሻው ጫኑት። አየር ላይ ደህና ሆና መሬት ስትነካ የምትቆም ከሆነ ችግሩ ኃይል ነው፤ ባትሪ፣ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ወይም ጎማዋን አንቆ የያዘ ጸጉርና ክር። ስትርቅ ብቻ የምትቆራረጥ ከሆነ የአንቴና ወይም የሪሞት ባትሪ ጉዳይ ነው። ጉብታ ስትዘል ከሆነ የተላቀቀ ብየዳ ወይም ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ አለ። ይህን ለማግኘት መኪናዋ በርታ እያለ ገመዶቹን አንድ በአንድ በስቴኪኒ ነካ ነካ አድርጉ። የምትደነግጥበት ገመድ ጋ ስትደርሱ ታውቁታላችሁ። ከአሥር ደቂቃ ጨዋታ በኋላ ከቆመችና ስትቀዘቅዝ ከተነሳች ደግሞ ሙቀት ነው፤ ለምለም ሣር ላይ መንዳት ዲናሞውን ከምታስቡት በላይ ያደክመዋል።

አሁን ወደ ጠጋኞቹ።

ሞባይል ሰሪ፦ ሰርኪዩት ላይ ላለ ችግር ከሁሉም እሱ ይበልጣል። ማይክሮስኮፕ አለው፣ ቀጭን መበየጃ አለው፣ እጁም አይንቀጠቀጥም። ጉብታ ላይ የምትቆመውን መኪና መገናኛ አካባቢ ካሉት ሕንጻዎች ወደ አንዱ ይዛችሁ ግቡ። እኔ አንዴ አብሬ በማይክሮስኮፑ አይቻለሁ፤ የሪሲቨሩ እግር ዙሪያ እንደ ጸጉር የቀጠነች ጥቁር ቀለበት ነበረች። ብየዳው ተሰንጥቆ ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ውሃ የገባባትንም እዚያው ውሰዷት፤ ሰርኪዩት የሚያጥቡበት ንጹሕ አልኮል አላቸው። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶው ውሃ ስላለበት ለዚህ ሥራ እሱን አልመርጥም። ግን ወፍራም የባትሪ ገመድ እንዲበይድላችሁ አትስጡት። ቀጭኗ መበየጃ ወፍራሙን ሽቦ በደንብ አታሞቀውም። ብየዳው ከላይ ይያዝና ከሥር አይገባም፤ ከወር በኋላ ትመለሳላችሁ።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ፦ የእኔ ምርጫ እሱ ነው። በየሰፈሩ አሁንም የቀሩ አሉ፤ ደጁ ላይ አሮጌ ቴፕ የተደረደረበትን ቤት ፈልጉ። ትልቅ መበየጃ አለው። አሮጌ ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚይዝ ትንሽ እቃ) የሞላበት ቆርቆሮም አለው። ሶኬት፣ ገመድ፣ ማብሪያ ማጥፊያና ዲናሞ የእሱ ሥራ ነው። በተለይ መሪዋ ዝም ብሎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲናሞው ላይ ኮንደንሰር መኖር አለመኖሩን እንዲያይላችሁ ንገሩት። ካርቦን ያለው ዲናሞ ሲዞር ብልጭታ ይፈጥራል፣ ብልጭታው ሪሲቨሩን ይረብሻል። መፍትሔው 104 የሚል የተጻፈባቸው ሦስት ጥቃቅን ኮንደንሰሮች ናቸው፤ አንዱ በሁለቱ እግሮች መካከል፣ ሁለቱ ከየእግሩ ወደ ዲናሞው ቆርቆሮ። ብዙ ርካሽ መኪና ላይ አንድ ብቻ ነው የሚገኘው፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ የለም።

የመኪና ኤሌትሪሻን፦ ሰዎች «መኪና መኪና ነው» ብለው ይወስዱለታል። አልመክርም። በ12 ቮልትና በትልቅ ሽቦ የለመደ እጅ ነው። በአምፖል መሞከሪያው ትንሿን ሰርኪዩት ሊያቃጥላት ይችላል።

ምን አለሽ ተራ፦ እቃ ለመፈለግ እንጂ ለማሠራት አይደለም። የተሰበሩ መጫወቻዎች፣ ሶኬቶች፣ ከፕሪንተር የወጡ ዲናሞዎች ይገኛሉ። መኪናዋን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ለኩ። ባትሪ ግን ከዚያ አትግዙ። ከላፕቶፕ የወጣ የሊትየም ባትሪ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ላይ ጥሩ ቮልት ያሳይና ዲናሞው ሲስብበት ይወድቃል። ከላይ የነገርኳችሁን ዓይነት መቆራረጥ በገንዘባችሁ ገዛችሁ ማለት ነው።

ስለ ባትሪ ካነሳን፣ የሚመጡልኝ አብዛኞቹ መኪኖች ሕመማቸው እዚህ ነው። ርካሹ የባትሪ ድንጋይ ለግድግዳ ሰዓት ይበቃል፣ ለዲናሞ አይሆንም። አልካላይን ግዙ። ልጁ በየቀኑ የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ባትሪ ይሻላል። እያንዳንዱ 1.2 ቮልት ቢሆንም ኃይል ሲሳብበት ቶሎ አይወርድም። ባለ 7.4 ቮልት ሊትየም ያላት ከሆነች ሙሉ ስትሆን 8.4 ታነባለች፤ ወደ 6.4 ከወረደች ማቆም አለባችሁ። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ቻርጅም አታድርጉት።

አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብትሉኝ ቴስተር ግዙ እላለሁ። ርካሹ ይበቃል። ባትሪውን መኪናዋ ቆማ ለኩት፣ ከዚያ ልጁ ሪሞቱን ሲጫን እንደገና ለኩት። ቆሞ 7.8 የነበረው ሲጫን ከ6 በታች ከወረደ ጥፋቱን አገኛችሁ፤ ባትሪው ደክሟል ወይም ሶኬቱ ላልቷል። ሶኬቱን ራሳችሁ የምትቀይሩ ከሆነ ሁለቱን ገመዶች በአንድ ላይ በመቀስ አትቁረጡ። መቀሱ ራሱ ያገናኛቸውና ባትሪው ሾርት ያደርጋል። አንዱን ቆርጣችሁ፣ በይዳችሁ፣ በፕላስተር ሸፍናችሁ ወደ ሌላው እለፉ።

አዲስ ለምትገዙ ደግሞ ካርቶኑን አንብቡ። የሪሞቱ የሬዲዮ ሞገድ 27 ሜጋኸርዝ የሚል ከሆነና ለሁለት ልጆች ሁለት አንድ ዓይነት ከገዛችሁ፣ አንዱ ሲነዳ የሌላው መኪና ትታዘዛለች። የእህቴ ልጆች በዚህ ቀኑን ሙሉ ሲጣሉ ዋሉ፤ እኛ ደግሞ ተበላሽቶ ነው ብለን ልንመልሰው ነበር። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚለው መኪና ከራሱ ሪሞት ጋር ብቻ ይግባባል። የእሱ አንቴና አጭር ናት፤ ጫፏ ላይ የተላጠችው ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ከተቆረጠች መኪናዋ ርቃ አትሰማም። የ27ቱ ረጅም ሽቦ ደግሞ ተጠቅልሎ ሆድ ውስጥ አይደበቅም፣ በፕላስቲክ ቱቦው ወደ ላይ ይቁም።

ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ መለዋወጫ ሊትየም ባትሪውን በእጅ ሻንጣ ይያዘው፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው። ሶኬቱም በፕላስተር ይሸፈን። ተጨማሪ ሶኬትና አንድ ትርፍ ዲናሞ አብሮ እንዲልክላችሁም ንገሩት፤ እዚህ ልኩን ማግኘት ቀን ይፈጃል።

ጠጋኙ ጋ ስትሄዱ ሪሞቱንና ቻርጅ የተደረገ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። መቼ እንደምትቆም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ሠርቶ ሲጨርስ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ልጁ ይንዳት፣ ግድግዳ ጋ ደርሳ ትመለስ። ሳትቆም ከተመለሰች ክፈሉ።